አሥራ አንደኛው ስፌት

ለእትዬ፣ እናትም እህትም ሆነሽ ላሳደግሽኝ፤

እንዴት ከረምሽ? ጉልበትሽ እንዴት ነው፣ ደረጃ ስትወጪ አሁንም ያስቸግርሻል? እንቅልፍስ ይወስድሻል? ልጅሽ ሥራዋን እንደያዘች ነው? ያ የኩሽናችሁ ጣራ ተጠገነ ወይስ ዛሬም ዝናብ በመጣ ቁጥር ባልዲ ትደቅናላችሁ? እኛ ሁላችንም ደህና ነን። ባለቤቴ ጥርሷን ተነቅላ ሦስት ቀን መናገር አቅቷት ቤቱ ሰላም ሆኖ ነበር፣ አሁን ተሽሏታል። ልጆቹ ደህና ናቸው። እኔም እንደምታውቂኝ ነኝ፤ ሆዴ ትንሽ ጨምሯል፣ ፀጉሬ ብዙ ቀንሷል።

ደብዳቤሽ ከደረሰኝ ሦስት ሳምንት ሆኖታል። መልሱን ያዘገየሁት ረስቼሽ እንዳይመስልሽ። ሦስት ጊዜ ጽፌ ሦስቴም ቀደድኩት፤ ባለቤቴ «ወረቀት ነው የምትጽፈው ወይስ የምትዘራው?» እያለች ወለሉን ስትጠርግ ሰነበተች። የጠየቅሽኝ እኮ አጭር ነገር ነው። ሦስተኛውን ጥቅል ሰፍተሽ ከላክሽ ሁለት ወር አልፏል፣ አራተኛው ለምን አይመጣም? ሥራሽ አልተወደደም ወይስ ሌላ እጅ አገኘን? ደግሞም ጣራው የሚያልቅበትን ቀን እንድነግርሽ፣ አውቶቡስ ተሳፍረሽ መጥተሽ ከሥሩ ልትቆሚ፣ ለጎረቤቱ ሁሉ እንዳወራሽ ጽፈሻል። «ይህን ሥራ ከያዝኩ ወዲህ ጠዋት የምነሳበት ጉዳይ አለኝ» ያልሽውን ስንት ጊዜ እንዳነበብኩት አትጠይቂኝ። እትዬ፣ ጣራው ወድቋል። እንግዲህ ነገርኩሽ።

ከመጀመሪያው ልጀምርልሽ፣ አንቺ ያየሽው ጥቅሉን ብቻ ነውና። የሹራብ ትእዛዝ እየቀነሰ ሄዶ ወርክሾፓችን ሊዘጋ ነው ሲባል፣ አንዲት አጭር አርክቴክት እርሳሷን ፀጉሯ ውስጥ ሽጣ መጣች። ለአውቶቡስ መናኸሪያው የመንገደኞች ማረፊያ ልትሠራ ነው። ጠረጴዛችን ላይ የዘረጋችው ሥዕል ጣራው እዚህ ጋ ጎበጥ፣ እዚያ ጋ ጎድጎድ ያለ ነው፤ ገመድ ላይ ተሰጥቶ ነፋስ የገባበት አንሶላ ይመስላል። ፎርማናችን አየት አደረጋትና «እመቤቴ፣ በር ተሳስተዋል፣ እዚህ ሹራብ ነው የሚሠራው» አላት። እሷም ሹራብ ነው የፈለግኩት አለች።

እንዲህ ያለ ጎባጣ ኮንክሪት ለመሙላት አናጺዎች መጀመሪያ ቅርጹን በእንጨት ይሠሩታል፣ ካዛፎርማ የሚሉትን። ኮንክሪቱ ሲደርቅ ያ ሁሉ እንጨት ተነቅሎ ይጣላል። እሷ በእንጨቱ ፋንታ ጨርቅ ልትወጥር ነው ያሰበችው። የተወጠረው ጨርቅ መጀመሪያ ቀጭን የሲሚንቶ ውሃ ይጠጣል፣ ግንበኞቹ ቦያካ ይሉታል። እሱ ሲደርቅ ጨርቁ እንደ ቅርፊት ይጠነክርና ኮንክሪቱ በስሱ እየተደራረበ ይፈስበታል። ጨርቁ እዚያው ውስጥ ይቀራል። ለምን ሹራብ ሆነ ብንላት፣ የተሸመነ ጨርቅ ለማጉበጥ መቆረጥ አለበት፣ ሹራብ ግን ቀለበት እየተጨመረ እየተቀነሰ በቅርጹ ይወጣል አለችን። «የካልሲ ተረከዝ ነዋ!» አልኳት። ሳቀች፤ «አዎ፣ ግን ሁለት መቶ ሰው ከሥሩ የሚቆም ተረከዝ» አለች። እንዲህ ነው የጀመርነው።

የማሽናችን ወርድ ጠባብ መሆኑን ታውቂያለሽ። ጣራው አሥራ ስምንት ቁራጭ ሆኖ ወጣ፣ አሥራ ሰባት ስፌት ማለት ነው። በማሽን ቢጋጠም ስፌቱ ላይ ጅማት እየሠራ ጨርቁ እኩል አይወጠርም፤ ቀለበት ከቀለበት፣ አንድ በአንድ፣ በእጅ መያያዝ አለበት። ያን ሥራ ከእኛ ከዘጠኙ መሃል የምንችለው ሦስት ብቻ ነን። «እህቴ አለች» ያልኩት እኔ ነኝ። አርክቴክቷ ከፊቴ ርቆ የሚሠራ ሥራ አልወድም አለች። ለመንኳት። በሰባት ዓመቴ ከብስክሌት ጎማ በተነቀለ ሽቦ ሹራብ ያስተማረችኝ እሷ ናት፣ ከኔ እጅ የወጣ ጥሩ ነገር ካለ የሷ ነው አልኳት። የመጀመሪያው ጥቅል ደርሶሽ፣ ተሰፍቶ፣ በአውቶቡስ ተመልሶ ሲመጣ አርክቴክቷ ጣቷን በጨርቁ ላይ እየጎተተች ስፌቱን ፈልጋ አጣችው። «የቱ ጋ ነው ያጋጠመችው?» አለችኝ። ያን ቀን እግሬ መሬት አልነካም። ሁለተኛውም እንደዚያው ነበር። ሦስተኛው ሲመጣ ከአውቶቡሱ ላይ ራሴ ነኝ ያወረድኩት፤ እንደ ልማድሽ በአሮጌ አንሶላ ጠቅልለሽ፣ አራቱንም ጫፍ ጥብቅ አድርገሽ ቋጥረሽ ነበር የላክሽው።

ደንቡን ታውቂዋለሽ፣ ያንቺው ደንብ ነው። የሰፋ ሰው የራሱን ስፌት አይፈትሽም። ሌላው ወስዶ መስኮት ላይ ይዘረጋዋል፣ በሁለት እጁ ይወጥረዋል፤ የተዘለለ ቀለበት ካለ ብርሃን ሾልኮ ይታያል። ከዚያ ማን እንደሰፋ፣ ማን እንዳየ መዝገብ ላይ ይፈረማል። ልጅ ሆኜ እንኳ ያንቺን ሥራ ለእኔ ትሰጪኝ ነበር። አንድ ጊዜ ስህተት አገኘሁብሽ ብዬ ቤቱን በጩኸት ስሞላው ጆሮዬን የቆነጠጥሽኝ ስለፎከርኩ እንጂ ስላገኘሁ አልነበረም። እዚህም ወርክሾፕ ደንቡን ያስገባሁት እኔ ነኝ። ሌሎቹ ሲሰለቻቸው «የዚህ ሰውዬ መስኮት!» እያሉ ያሾፉብኝ ነበር። ይኸው የተናገርኩትን ራሴ አፈረስኩት።

ጨርቁ የተወጠረ ዕለት መናኸሪያው ሥራ ፈታ። ሾፌሮቹ ሁሉ አንጋጠው ቆሙ። አንዱ «ሰማዩን በርዶት ነው እንዴ?» አለ፤ ሌላው «ለኔም አውቶቡስ አንድ ይሠራልኝ፣ አንገቱ የሚታጠፍ» አለ። ቦያካው ተረጨ፣ በሁለት ቀን ደረቀ፣ በጣቴ ሳንኳኳው እንደ ጣውላ ይጮሃል። ፎርማናችንን ቆጣሪው ነው የምንለው፣ ከመጸዳጃ ቤት ስንመለስ እንኳ ስለሚቆጥረን። እሱ ራሱ በዕድሜው ለመጀመሪያ ጊዜ «ጎበዞች» አለን። አርክቴክቷ ስትስቅ ድዷ ሁሉ ይታይ ነበር። እኔም ወደ ቤት ስመለስ ለባለቤቴ እህቴ ስትመጣ የት ጋ እንደማቆማት መርጫለሁ አልኳት።

በማግስቱ ኮንክሪቱ ተጀመረ። ረፋድ ላይ ነው፣ ግማሹ አልፏል። እኔ ጥግ ቆሜ ነበር። ድምፁን ከሁሉ ቀድሜ ሰማሁት፤ ሹራብ ሲተረተር የሚያሰማውን ያን ትር፣ ትር፣ ትር። ግንበኛ ቢሰማው ምንም አይመስለውም፣ እኔ ግን ክው አልኩ። አሥራ አንደኛው ስፌት ላይ ቦያካው ፀጉር የምታህል ስንጥቅ አወጣ፣ ከዚያ ቀለበቶቹ እየተለቃቀቁ ሄዱ። «ውጡ! ውጡ!» ብዬ ጮህኩ። ላይ የነበሩት ወደ መወጣጫው ዘለው አመለጡ። ከሥር ሆኖ ጉብታውን ይመለከት የነበረ አንድ ረጅም ግንበኛ ግን ዞር ብሎ እኔን አየኝ፣ ጠራሁት መስሎት። ያ ሁሉ እርጥብ ኮንክሪት እግሩ ላይ ወረደ። እጄን ወደ ላይ ዘርግቼ ነበር እትዬ። ስፌቱን ልይዘው ነው መሰለኝ፣ እኔ እንጃ። ዓይኔ እያየ ሲከፈት ምንም ማድረግ አልቻልኩም። ሰውየው እግሩ ሁለት ቦታ ተሰብሯል፤ ነፍሱ ግን ተርፋለች፣ ይራመዳል ብለዋል። ይህን ከሁሉ አስቀድሜ መጻፍ ነበረብኝ፣ እንዳትደነግጪ።

በማግስቱ ስፌቱን ቆርጠው አመጡና ጠረጴዛ ላይ ዘረጉት። ሲሚንቶው ሲላላጥ ክሩ ታየ። ስድስት ሰባት ቀለበት በትክክል ይሄዳል፣ ከዚያ አንዱ ይዘለላል። ሌላ ቦታ ሁለቱን አንድ ላይ አንስቶ ቀጣዩን ይተወዋል። ስንፍና አይደለም፤ የሰነፍ ስፌት ይላላል፣ ይሄ ግን የተያዘው ቀለበት ሁሉ ልክክ ብሎ ነው የተያዘው። በጨለማ የተሰፋ ነው የሚመስለው። ቆጣሪው «የማነው?» አለ። «የኔ ነው» አልኩ። «የፈተሸውስ?» አለ። «እሱም እኔ ነኝ፣ ጥቅሉን ሳልፈታ ፈረምኩ» አልኩ። የራስህን ሥራ ነው ደግሞ ጠቅልለህ የምታስቀምጠው ብሎ አፈጠጠብኝ። አመሌ ነው አልኩት። አርክቴክቷ መዝገቡን ገልጣ ጣቷን አሥራ አንደኛው መስመር ላይ አሳረፈች፣ አነበበች፣ ቀና ብላ አየችኝ። ከዚያ መዝገቡን ዘጋችና «እሱ የኔ ነው ካለ የሱ ነው» አለች።

ለምን አልፈተሽክም ትዪኛለሽ፣ አውቅሻለሁ። ጥድፊያ አልነበረም። አንዳንድ ሥራ አለ፣ ሰው መስኮት ላይ ዘርግቼ ልመርምር ቢል እጁ የሚያፍርበት። ከዚህ በላይ አታስለፍልፊኝ። ጥፋቱ የኔ ነው ስል ለወጉ አይደለም፤ ፊርማው የኔ ነው። አንቺ የሰፋሻቸው አንድም አልተበጠሱም። ሦስተኛው ጥቅልሽ በተለይ ድንጋይ ነው። የሚጠይቅሽ ሰው ካለ እንዲህ ብለሽ ንገሪው።

ከዚያ ወዲህ እጅ ከወርች እንደታሰረ ሰው ነኝ። የመናኸሪያው ኃላፊዎች የጨርቅ ጣራ የሚባል ነገር ዳግመኛ እንዳንሰማ አሉ። አርክቴክቷ ሦስት ጊዜ ሄዳ ለመነቻቸው፤ የከዳን አንድ ስፌት ነው፣ ሌሎቹ ይዘዋል፣ እንደገና እንሥራው አለች። እኔም ማመልከቻ ጽፌ ገባሁ። ጸሐፊዋ ተቀበለችኝና ከክምሩ ሥር ከታው ነገ ና አለችኝ። ነገ ስሄድ ከነገ ወዲያ ና። አሁን አናጺዎቹ ገብተው ለጠፍጣፋ ጣራ ጣውላ እየመቱ ነው። ስምንቱም ጓደኞቼ ከኔ ጋር ከሥራ ወጥተዋል። መንገድ ላይ ሲያገኙኝ ሰላምታቸው ከአንገት በላይ ነው። ሃያ ዓመት አጠገቤ የሠራችውማ ስታየኝ መንገዱን ተሻግራ ሄደች። ምን ብዬ ልከተላት? ቤት ቁጭ ብዬ የልጆቹን ሹራብ ክርን እጠግናለሁ፣ ያልተቀደደውንም ጭምር።

ግንበኛውን እየሄድኩ እጠይቀዋለሁ። እግሩ እስከ ጭኑ በጀሶ ተለብጧል። «ይኸው እኔንም ካዛፎርማ ውስጥ ከተቱኝ፤ አደራ ስፌቱን ሌላ ሰው ይፈትሸው» ብሎ ቀለደብኝ። ብስቅለት ይሻል ነበር፣ እኔ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። እሱ እኔን ያባብል ገባ። ሚስቱ ግን አንድም ቀን ቀና ብላ አላየችኝም፣ አልፈርድባትም።

አርክቴክቷም አንድ እሑድ ቤት ድረስ መጣች፣ ልትሰናበተን። ሌላ ቦታ የመኪና ማቆሚያ ልትነድፍ ተቀጥራለች፤ «ቀጥ ያለ ነገር ብቻ ነው የሚፈልጉት» አለች። ባለቤቴ ሻይ አቀረበችላት። ስታማስል ቆየችና «እህትህ እንዴት ናት?» አለችኝ። ደህና ናት አልኳት። ዕድሜሽን ጠየቀችኝ፣ ነገርኳት። «አሁንም መሥራት ትፈልጋለች?» አለችኝ። አራተኛውን ጥቅል እየጠበቀች ነው አልኳት። ሻይዋን ሳትጠጣ አስቀመጠችው። «እጇን ሳምልኝ» ብላኝ ወጣች። ይኸው አድርሻለሁ።

እንግዲህ የጥያቄሽ መልስ ይኼ ነው። ይህ ቢሳካ ሌላ ጣራ ይታዘዛል ብለን ነበር፤ አራተኛ ጥቅል ግን የለም። ሥራሽ ስላልተወደደ አይደለም፣ ሌላ እጅም አላገኘንም፤ ሥራው ራሱ ሞቷል። ለጣራው ብለሽ እንዳትመጪ፣ እዚህ ያለው ጣውላና ምስማር ነው። ለጎረቤቶችሽ ወንድሜ አበላሸው በያቸው። እኔን እዚያ ሰፈር ማን ያውቀኛል? ይስደቡኝ፣ እስኪበቃቸው ይስደቡኝ። ጠዋት የምትነሺበት ጉዳይ እንደቀረብሽ አውቃለሁ። እንቅልፍ የነሳኝ እሱ ነው፤ ከግንበኛው እግር እኩል ነው፣ አንዳንዴም ይበልጥብኛል፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ። ሌላ ምን ሥራ ፈልጌ ልላክላት ብዬ ቀኑን ሙሉ ሳስብ ውዬ ምንም አልመጣልኝም።

እዚህ ላይ ጨርሼ ልዘጋው ስል ባለቤቴ ከእጄ ወስዳ አነበበችው። ሁሉንም ቃል በቃል አነበበችና «ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ! ልትጠይቃት የፈለግከውን መች ጠየቅካት?» አለችኝ። ጮህኩባት። ምን አገባሽ፣ የኔና የእህቴ ጉዳይ ነው አልኳት። ደብዳቤውን ጠረጴዛው ላይ አድርጋልኝ ወጣች። ተመልሼ ቁጭ አልኩ።

እትዬ፣ ዓይንሽ እምቢ ካለሽ ስንት ጊዜ ሆነው?

ያለፉት ሁለት ደብዳቤዎች የተጻፉት በአንቺ እጅ አይደለም። ያንቺ ጽሑፍ መስመሩን እየለቀቀ ወደ ላይ ይወጣል፤ እነዚህ ቀጥ ብለው ነው የሚሄዱት። የኔ ልጅ፣ ይህን አሁን ለእናትሽ የምታነቢላት፣ አንቺን ነው የምልሽ፤ እዚህ ጋ ስትደርሺ ድምፅሽን አትዋጪ። ከዝምታሽ ትረዳዋለች፣ እንዳለ አንብቢላት። የደበቅሽኝ እሷ አትናገሪ ስላለችሽ እንደሆነ ገብቶኛል፣ አልተቆጣሁሽም። እዚህ ጥሩ የዓይን ሐኪም አለ ይላሉ። ይድናል አይድንም አላውቅም፣ ቃል ልገባልሽ አልችልም። ባለቤቴ የውስጠኛውን ክፍል አልጋ ለእናትሽ አንጥፋለች። አንቺ አሳፍሪያት እንጂ እኔ ወርጄ እቀበላታለሁ።

እትዬ፣ አትቀየሚኝ። መልሱን አንቺ ንገሪያት፣ እሷ ትጻፈው። ደህና ነኝ፣ አያለሁ፣ ምንም አልሆንኩም ብለሽ ብቻ እንዳታጽፊያት። እኔ ለሁለታችንም የሚበቃ ዋሽቻለሁ፤ አንቺ እውነቱን ንገሪኝ።

እግዜር ጉልበትሽን ያበርታው፣ ዕድሜሽን ያርዝመው፣ ያጎደለብሽን ሁሉ ይሙላልሽ። እነዚያን እጆችሽን ይባርክልኝ። ጉንጭሽን አገላብጬ እስማለሁ።

ጆሮውን ቆንጥጠሽ ያሳደግሽው
ታናሽ ወንድምሽ